ትንፋሽ ቆጣሪዎቹ

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የአራት ወር ሕፃን ሸሚዝ ገለብ አድርጌ ዐይኔን ሆዱ ላይ እተክላለሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ስልሳ ሰከንድ ሙሉ እቆጥራለሁ። አሥራ አምስት ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ለትልቅ ሰው ይሠራል፤ እንዲህ ላለ ጨቅላ አይሠራም። ጨቅላ ልጅ ቶሎ ቶሎ ይተነፍስና ጥቂት ሰከንድ ቆም ይላል፣ ከዚያ ይቀጥላል። ቆም ባለበት ቅጽበት ላይ የቆጠረ ሰው «ደህና ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ትንፋሹ በሚቻኮልበት ቅጽበት የቆጠረ ደግሞ ያለ ምክንያት ይደነግጣል። የዚያን ሌሊት ቁጥሬ ስልሳ ስምንት ደረሰ። በጎድን አጥንቶቹ መካከል ያለው ቆዳ በተነፈሰ ቁጥር ወደ ውስጥ ይሰረጎዳል፣ አፍንጫው ይነፋል። ሞኒተሩ ላይ ያለው የኦክስጅን ቁጥር ግን ገና 95 ነበርና ማሽኑ አልጮኸም። ነርሷን ጠራኋት፣ እሷ ሐኪሙን ጠራች። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ቁጥሩ ሲያሽቆለቁል ሕፃኑ አጠገብ የሚያስፈልገው ሁሉ ተዘጋጅቶ ነበር።

ይህን ሥራ ዋሽንግተን አካባቢ በሚገኝ አንድ የሕፃናት ሆስፒታል ስድስት ዓመት ሠርቼዋለሁ። መጠሪያው የድንገተኛ ሕክምና ቴክኒሻን ነው፤ እዚህ አገር ሁሉም ሰው ኢኤምቲ ይለዋል። ሰው ኢኤምቲ ሲባል አምቡላንስ ይታየዋል፤ ብዙዎቻችን ግን የምንውለውና የምናድረው ከሆስፒታል ግድግዳ ውስጥ፣ በድንገተኛ ክፍል ነው። በደረጃ ከሐኪሙም ከነርሷም በታች ነን። የአገሪቱ የሥልጠና መመዘኛ ለኢኤምቲ ከ150 እስከ 190 ሰዓት ያህል ትምህርት ይበቃል ይላል፤ ፓራሜዲክ ለመሆን ከ1,000 ሰዓት በላይ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው ብሔራዊ መዝጋቢ ይፈትነናል፣ ምስክር ወረቀታችንንም በየሁለት ዓመቱ እናድሳለን። መድኃኒት አናዝም፣ በአብዛኛው ቦታ መርፌም አንወጋም። በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው የምፈልገው ይህ ዝቅ ያለ ደረጃ ከሥራው ክብደት ጋር ይመጣጠን እንደሆነ ነው። እኔ አይመጣጠንም ባይ ነኝ፤ የታመመ ልጅን በሕይወት የሚያቆዩት ነገሮች አብዛኞቹ በዚሁ ደረጃ ባለ ሰው እጅ የሚሠሩ ናቸውና።

ታሪኩን ከአምቡላንስ ከመጀመር ከኮፐንሃገን መጀመር ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1952 ክረምት የፖሊዮ ወረርሽኝ ዴንማርክን መታ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በብሌግዳም ሆስፒታል የመተንፈሻ ጡንቻቸው የሰለለ ሕሙማን፣ በተለይም ልጆች፣ ይጎርፉ ጀመር። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት በዘመኑ መተንፈሻ መሣሪያ ከታከሙት 31 ሕሙማን 27ቱ ሞቱ። ያኔ ቢዮርን ኢብሰን የተባለው የማደንዘዣ ሐኪም በአንዲት የ12 ዓመት ልጅ ላይ ሌላ መንገድ ሞከረ፤ ጉሮሮዋ ላይ ቀዳዳ ተከፍቶ፣ ቱቦ ገብቶ፣ ከረጢት በእጅ እየተጨመቀ አየር ተሰጣት። ልጅቷ ከሞት ተረፈች። ችግሩ ከረጢቱን ቀንና ሌሊት የሚጨምቅ እጅ ማግኘቱ ነበር። ወደ 1,500 የሚሆኑ የሕክምና ተማሪዎች ተጠርተው በፈረቃ እየተቀያየሩ ከልጆቹ አልጋ አጠገብ ተቀመጡ፤ ለሳምንታትና ለወራት ትንፋሽ በእጃቸው ሰጡ። እኔ የሙያዬ አያቶች እነሱ ናቸው እላለሁ። ዛሬ በየሆስፒታሉ፣ አዲስ አበባም ዋሽንግተንም፣ አምቡ ባግ የምንለው ራሱን የሚነፋ ከረጢት ከአራት ዓመት በኋላ በዚያው በዴንማርክ በሄኒንግ ሩበንና በሆልገር ሄሰ እጅ ተሠራ።

አሜሪካ ውስጥ ሥራው እንደ ሙያ ቅርጽ የያዘው በ1960ዎቹ ነው። ያኔ በብዙ ከተሞች አምቡላንስ የሚያንቀሳቅሰው አስከሬን የሚያጓጉዘው ድርጅት ወይም ፖሊስ ነበር፤ ሕመምተኛን አንሥቶ ከመሮጥ ያለፈ ሕክምና አይሰጥም። በ1966 የአገሪቱ የሳይንስ አካዳሚ በአደጋ ስለሚደርስ ሞት ያወጣው ሰነድ ይህን ጉድ አደባባይ አወጣው። በዚያው ዓመት ፒትስበርግ ውስጥ ፒተር ሳፋር የተባለ ሐኪም የ11 ዓመት ልጁን በአስም አጣ። ሳፋር የአፍ ለአፍ ትንፋሽ አሰጣጥን ለዓለም ካስተማሩት አንዱ ነበር፤ የገዛ ልጁን ግን በጊዜው የደረሰላት አልነበረም። በቀጣዩ ዓመት በዚያችው ከተማ ፍሪደም ሃውስ የተባለው የአምቡላንስ አገልግሎት ሲጀመር ሠልጣኞቹ ሂል ዲስትሪክት ከሚባለው ሰፈር የመጡ፣ ብዙዎቹ ሥራ አጥ የነበሩ ጥቁር ወጣቶች ነበሩ። የሠለጠኑት ሳፋር ባወጣው ትምህርት ነው። ሥራቸው ለአገሪቱ አርአያ ከሆነ በኋላ ከተማው የራሱን አገልግሎት አቋቁሞ በ1975 ዘጋቸው። የልጁ ሐዘን የገባው አባትና ሥራ የተነፈጋቸው ወጣቶች አንድ ላይ የሠሩት ሙያ መሆኑን ብዙ ባልደረቦቼ አያውቁም፤ ሁሉም ቢያውቀው ደስ ይለኛል።

ግን ያ ሁሉ ሲገነባ ልጆች ተረሱ። ሥርዓቱ የታሰበው የልብ ሕመም ለሚጥላቸው ጎልማሶችና በመኪና አደጋ ለሚጎዱ ሰዎች ነበር፤ ጭንብሉም፣ የአንገት ማሠሪያውም፣ ሥልጠናውም በትልቅ ሰው ልክ ተሰፋ። ካልቪን ሲያ የተባለ የሃዋይ የሕፃናት ሐኪምና ሴናተር ዳንኤል ኢኖዬ ነገሩን ወደ ኮንግረስ ገፍተው በ1984 ለልጆች ድንገተኛ ሕክምና የሚውል የፌዴራል ፕሮግራም በሕግ እንዲቋቋም አደረጉ። ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2006፣ የአገሪቱ የሕክምና ተቋም ባወጣው ዘገባ ለልጆች አስፈላጊ የተባሉት ዕቃዎች በሙሉ የተሟሉላቸው ድንገተኛ ክፍሎች 6 በመቶ ያህል ብቻ ሆነው ተገኙ። የሕፃናት ሆስፒታሎች እንዲህ ካለው ጉድለት የራቁ ናቸው፤ አብዛኛው ልጅ ግን በመጀመሪያ የሚወሰደው ቤቱ አጠገብ ወዳለው ተራ ሆስፒታል ነው።

ልጅ አነስ ያለ ትልቅ ሰው አይደለም ይባላል። ይህን የሚለው ብዙ ነው፤ እጅ ላይ ምን እንደሚመስል ላሳይ። የሕፃን ጭንቅላት ከሰውነቱ አንጻር ትልቅ ነው፤ ስለዚህ ቃሬዛ ላይ በጀርባው ሲተኛ አገጩ ወደ ደረቱ ይጎነበስና የአየር መንገዱ ይታጠፋል። መፍትሔው ትከሻው ሥር የምትገባ አንዲት የታጠፈች ፎጣ ናት። ከኪሎው አንጻር ከትልቅ ሰው እጥፍ ያህል ኦክስጅን ይፈጃል፤ ትንፋሹ ሲቋረጥ ጊዜ የለውም። አምስት ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በሰውነቱ ያለው ደም 400 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፣ ከአንድ የለስላሳ ጠርሙስ ጥቂት ከፍ ይላል። ደግሞ የልጅ ሰውነት አታላይ ነው፤ ደም ሲጎድለው ሥሮቹን አጥብቆ፣ ልቡን አፍጥኖ፣ የደም ግፊቱን እስከ መጨረሻው ይይዘዋል። ግፊቱ ሲወርድ ያየ ሰው ያየው የመጨረሻውን ምዕራፍ ነው። ስለዚህ የሕፃናት ክፍል ሰው ገና ከበር ላይ ሆኖ፣ ሳይነካ ያያል፦ ልጁ ያለቅሳል ወይ፣ እናቱን ያያል ወይ፣ ትንፋሹ ድምፅ አለው ወይ፣ ቆዳው ገርጥቷል ወይስ ተዥጎርጉሯል? በማሽን ከምንለካው ሁሉ በፊት የሚመጣው ይህ ነው። ሰከንዶች ይበቁታል፣ ለመማር ግን ዓመታት ይፈጃል።

አንድ ልጅ መንቀሳቀስ አቁሞ በእቅፍ ተሸክመውት ሲገቡ መጀመሪያ የምዘረጋው በቀለማት የተከፋፈለ ረጅም ሜትር ነው። ጄምስ ብሮስሎ የተባለ ሐኪም ከሮበርት ሉተን ጋር በ1980ዎቹ የሠራው ይህ ሜትር የልጁን ቁመት ከራስ ጫፉ እስከ ተረከዙ ለክቶ ክብደቱን ይገምታል። ቀዩ ጫፍ ራሱ ላይ ይሆናል፤ ተረከዙ ያረፈበት ቀለም ሁሉን ይናገራል። ቢጫ ከሆነ ከ12 እስከ 14 ኪሎ ነው፤ የቱቦው ልክ፣ የመድኃኒቱ መጠን፣ የኤሌክትሪክ ምቱ ኃይል እዚያው ተጽፏል። «ቢጫ!» ብዬ ጮኼ እናገራለሁ፤ ከጋሪው ላይ ቢጫው መሳቢያ ይከፈታል። በዚያች ደቂቃ ማንም የማባዛት ሒሳብ እንዲሠራ አይጠበቅበትም። ሜትሩን አጣሞ የዘረጋ ወይም ከእግር ጣት ጫፍ የለካ ግን የሁሉንም መድኃኒት ያሳስታል። በሌላው ጊዜ ልጅን በሚዛን መመዘን የኛ ሥራ ነው፣ ሚዛኑም በኪሎ ብቻ እንዲያነብ ተደርጎ ይቆለፋል። ፓውንድ በለመደ አገር 22 የሚል ቁጥር ኪሎ ነው ተብሎ ከተጻፈ ልጁ ከእጥፍ በላይ መድኃኒት ይወስዳል። ኪሎ ለምዶ ላደገ እንደኛ ላለ ሰው ይህ ቀላል ነው፤ አዲስ ገቢዎችን ሳስለምድ ግን ደጋግሜ የማነሣው ነገር ይኸው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ማስረጃ ልግባ። በ2000 በአሜሪካ የሐኪሞች ማኅበር መጽሔት አንድ ጥናት ወጣ። ማሪያን ጋውሺና ባልደረቦቿ በሎስ አንጀለስና በኦሬንጅ ካውንቲ ትንፋሻቸው የከዳቸውን 830 ልጆች ተከታተሉ። ጥያቄው ከሆስፒታል ውጭ ፓራሜዲኮች ለእነዚህ ልጆች በጉሮሯቸው ቱቦ ቢያስገቡ ይሻላል ወይስ በአምቡ ባግና በጭንብል አየር እየሰጡ ቢያደርሷቸው የሚል ነበር። የብዙ ሰው ግምት ቱቦው ይሻላል ነበር፤ ዘመናዊ፣ ከባድ፣ የሠለጠነ ሰው የሚሠራው ነውና። ውጤቱ ግን ቱቦው በሕይወት መትረፍንም ሆነ የአንጎልን ጤንነት እንዳላሻሻለ አሳየ። በጭንብልና በከረጢት ብቻ የተረዱት ልጆች ውጤታቸው አላነሰም። አምቡ ባግ መጭመቅ ደግሞ ኢኤምቲ በዚያ ከ150 እስከ 190 ሰዓት ሥልጠናው የሚማረው ነገር ነው።

ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ጭንብሉን ይይዛሉ፤ የቀሩት ሦስት ጣቶች የመንጋጋውን አጥንት ወደ ላይ ያነሡታል፣ ከአገጩ ሥር ያለውን ለስላሳ ሥጋ ከተጫኑት ግን ራሳቸው ጉሮሮውን ይዘጉታል። ጭንብሉ ከአፍንጫው ድልድይ እስከ አገጩ ስንጥቅ ብቻ መድረስ አለበት፤ ዐይኑ ላይ ከወጣ ትልቅ ነው። ከረጢቱ ደረቱ ከፍ ሲል እስኪታይ ብቻ ይጨመቃል። ደንገጥ ያለ ሰው ሁልጊዜ ያበዛዋል፤ አየሩ ሆድ ይሞላል፣ ሆድ ሳንባን ይጫናል፣ ልጁ ያስታውካል። እኔ አዲስ ሠልጣኝ ጎን ቆሜ በጆሮው «ጨመቅ፣ ለቀቅ፣ ለቀቅ» እላለሁ። ልቡ ቆሞ ደረቱን መጫን ካስፈለገም ቁጥሩ ከትልቅ ሰው ይለያል፤ ሁለት ሆነን ስንሠራ 15 ጊዜ ተጭነን 2 ትንፋሽ እንሰጣለን። የልጅ ልብ ብዙ ጊዜ የሚቆመው ትንፋሽ ቀድሞ ስለከዳው ነው። መነሻውን ትንፋሽ ካልመለስንለት ደረቱን መጫኑ ብቻ ሩቅ አይወስድም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሌሊቱን ሙሉ የምንሠራው ግን ልጅ መያዝ ነው። ለመርፌ፣ ለስፌት፣ ከአፍንጫ ንፍጥ ለመምጠጥ፣ ለኤክስሬይ መያዝ። ስጀምር ያስተማሩኝ አንሶላ ጠቅልሎ አልጋ ላይ ማስተኛትና መጫን ነበር። የሦስት ዓመት ልጅ በጀርባው ተኝቶ አራት ትልልቅ ሰዎች ከላይ ሲያጎነብሱበት ምን እንደሚያይ ማንም አልጠየቀም። ዛሬ በየሕፃናት ሆስፒታሉ እየተለመደ የመጣው ሌላ ነው፤ ልጁ እናቱ ጭን ላይ ፊት ለፊቷ ዞሮ ይቀመጣል፣ ደረቱ ደረቷ ላይ፣ እጇ ጀርባው ላይ፤ እኔ አንድ ክንዱን ብቻ ከጎን አወጣለሁ፣ ክርኑን ደግፌ እይዛለሁ። ጊዜ ካለ ቆዳው ላይ የሚያደነዝዝ ቅባት ቀድሞ ይቀባል። ለጨቅላ ጥቂት ጠብታ የስኳር ውኃ ምላሱ ላይ ይደረጋል። የሕመም ስሜቱን እንደሚቀንስለት በብዙ ጥናት ታይቷል። ያስተማሩኝን ትቼ ይህን ለመልመድ ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ፤ አንሶላው ይፈጥናልና። ግን በኃይል የተያዘ ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ የሆስፒታሉን በር ሲያይ ነው መጮህ የሚጀምረው። የአስም ልጅ በዓመት ደጋግሞ ይመጣል፣ የካንሰር ልጅማ በየሳምንቱ። ዛሬ አምስት ደቂቃ አተረፍን ብለን የምናጣው የሚቀጥሉትን ዓመታት ነው።

ቋንቋን በተመለከተ አንድ ሌሊት እስከ ዛሬ አይረሳኝም። አንዲት እናት የሁለት ዓመት ልጅ አቅፋ ገባች። ልጁ ይነድዳል፣ ዐይኑ ይንከራተታል። ወጣቱ ሐኪም በስልክ አስተርጓሚ አገናኘና ምን እንደሆነ ጠየቃት። «ትኩሳት ነበረው፤ ከዚያ ድንገት ጣለው» አለች። ከስልኩ ወዲያ ያለው ሰው ልጁ ከእጅ ወድቋል ብሎ ተረጎመው። ሐኪሙ ከፍታው ምን ያህል ነበር፣ ማን ነበር ይዞት የነበረ እያለ መጠየቅ ጀመረ። «ኧረ ማንም አልያዘውም፣ ሶፋ ላይ ተኝቶ ነበር» አለች ግራ ገብቷት። ሐኪሙ ብዕሩን አቆመ። በሕፃናት ሆስፒታል እርስ በርሱ የማይገጥም ታሪክ ከባድ ነገር ነው፤ ልጅ ላይ ጥቃት ደርሷል ብለን ከጠረጠርን ከሐኪሙ እስከ ቴክኒሻኑ ለመንግሥት የማሳወቅ ሕጋዊ ግዴታ አለብን። እሷ ምን እየተጠረጠረ እንደሆነ አላወቀችም። እኔ የልጁን ሙቀት እየለካሁ ነበር። «ዶክተር፣ ይህ ቃል በኛ ቋንቋ የሚጥል በሽታንም ይመለከታል፤ አስተርጓሚው እንደገና ይጠይቃት» አልኩ። አስተርጓሚው ጠየቃት፦ «እህቴ፣ ጣለው ስትይ ወደቀ ማለትሽ ነው ወይስ አንዘፈዘፈው?» «አንዘፈዘፈው እንጂ! ዐይኑ ወደ ላይ ሄደ፣ ከንፈሩ ጠቆረ፣ ጥርሱን ነከሰ...» አለችና ማልቀስ ጀመረች። ትኩሳት የሚያመጣው መንቀጥቀጥ ነበር፤ ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ባሉ ልጆች ከመቶ ከሁለት እስከ አምስቱን የሚነካ፣ አስፈሪ ሆኖ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት ሳይተው የሚያልፍ። «አይዞሽ እህቴ፣ ያልፋል፤ ብዙ ልጅ እንዲህ ይሆናል» ከማለት ሌላ ምን እላለሁ።

እኔ በዚያች ሰዓት አስተርጓሚ አልነበርኩም፣ መሆንም አልተፈቀደልኝም። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግና የ2010ሩ የጤና ሕግ ሆስፒታል ብቃቱ የተረጋገጠ አስተርጓሚ እንዲያቀርብ ያስገድዳሉ፤ ቋንቋ የሚችል ሠራተኛን ወይም የታማሚውን ታናሽ እህት ጎትቶ ማስተርጎም ቀርቷል። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣው የቋንቋ ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች በአማርኛ ጭምር እንዲያገለግሉ ይገደዳሉ፣ ይህም የማኅበረሰባችን ትልቅ ድል ነው። ደንቡ ትክክል ነው። ሆኖም ክፍሉ ውስጥ ቃሉን የሚያውቅ ጆሮ መኖሩ የደንቡ ተቃራኒ አይደለም፣ ደጋፊው ነው። «ምች መታው»፣ «ግግ ነው ብለው ጥርሱን አወጡለት»፣ «እንጥሉን ተቆርጧል» የሚሉትን ቃል በቃል መተርጎም ይቻላል፤ ሐኪሙ ግን ከዚያ በኋላ ስለ ደም መፍሰስና ስለ ቁስል ማመርቀዝ መጠየቅ እንዳለበት አይረዳም፣ እናትየዋም ስትሳቀቅ ዝም ትላለች። ሆስፒታሎች የሠራተኞቻቸውን ቋንቋ መዝግበው፣ ፈትነው፣ ተጨማሪ ክፍያ ሰጥተው ሊጠቀሙበት ይገባል።

ስለ ሌሎቹ ሌሊቶች ባጭሩ ልናገር። በጥቅምት 2021 የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚና ሌሎች ማኅበራት የልጆች የአእምሮ ጤና ቀውስ አገር አቀፍ አስቸኳይ ሁኔታ ነው ብለው አወጁ። እኛ አዋጁን ከመስማታችን በፊት ነበር ያየነው፤ ራሷን ልታጠፋ የሞከረች ልጅ አልጋ እስኪገኝላት ቀናት ድንገተኛ ክፍል ስትቆይ በር ላይ ወንበር ስቦ የሚጠብቃት ቴክኒሻኑ ነው። ብዙ ሰው ይህን ተቀምጦ ማደር ይለዋል። በ2020 ደግሞ የጦር መሣሪያ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 19 የሆኑ አሜሪካውያንን በመግደል ከሁሉ ምክንያት ቀደመ፤ ልብስ በመቀስ ቀድዶ ቁስሉን የሚፈልገው እጅም የኛው ነው።

ልጅ የሞተበት ክፍል ውስጥ ሥራ ሁሉ ሲያቆም የሚቀረው ቴክኒሻኑና ነርሷ ናቸው። ቱቦው የሚነቀልበት ሥርዓት ካለ ይከበራል፣ ፊቱ ይታጠባል፣ ብርድ ልብሱ ይቀየራል፣ እናቱ እንድታቅፈው ወንበር ይመጣል። ጆናታን ባርቴልስ የተባለ የቨርጂኒያ ነርስ በ2009 የጀመረው ልማድ አሁን በብዙ ሆስፒታል ይሠራበታል፤ ሞት ከተነገረ በኋላ ሁሉም እጁን አውርዶ አንድ ደቂቃ ያህል በዝምታ ይቆማል። ለቅሶ ቤት በሚዘወተርበት አገር ላደግን ሰዎች ይህ አንሶ ሊታይ ይችላል። ግን ቀጣዩ ክፍል ውስጥ ጆሮው ውስጥ ዶቃ የገባበት ልጅ እየሳቀ ይጠብቀኛል፤ ፊቴን ይዤ ወደዚያ ለመግባት ያቺ አንድ ደቂቃ አድናኛለች። እኔ ያላገኘሁት ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ነው። የሐኪሞቹ መነጋገሪያ ስብሰባ የሚጠራው በማግሥቱ ቀን ነው፤ የሌሊት ቴክኒሻን በዚያ ሰዓት ተኝቷል ወይም ሁለተኛ ሥራው ላይ ነው።

ሁለተኛ ሥራ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በአሜሪካ የሥራ ስታቲስቲክስ ቢሮ መሠረት በ2024 የኢኤምቲ መካከለኛ ዓመታዊ ክፍያ 41,340 ዶላር ነበር። በዋሽንግተን አካባቢ የቤት ኪራይ ከፍሎ በዚህ ገንዘብ ቤተሰብ ማስተዳደር ምን እንደሆነ አንባቢዬ ያውቀዋል። ስለዚህ ሰው አይቆይም። ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት ለመግባት የልምድ ሰዓት የሚሰበስቡ ወጣቶች አንድ ዓመት ሠርተው ይሄዳሉ፤ ሌሎች ነርስ ይሆናሉ። ከኛ ሰዎች አገር ቤት ነርስ ወይም ጤና መኮንን የነበሩ፣ ፈቃዳቸው እስኪወጣ በዚህ በር የሚገቡ አጋጥመውኛል። አንዱን «ጋሼ» እለው ነበር፤ አገር ቤት የሕፃናት ዋርድ ሲመራ የኖረ ሰው ሌሊት አልጋ ይወለውላል፣ አልጋው ላይ ያለውን ሕፃን ግን ከማንም በፊት በዐይኑ የሚያነበው እሱ ነበር። ሥራው መወጣጫ መሆኑን አልቃወምም። የምቃወመው መወጣጫ ብቻ ተደርጎ መታሰቡን ነው። ትንፋሽ መቁጠርና ጭንብል መግጠም በልምድ የሚጎለብት ከሆነ፣ የአሥር ዓመት ቴክኒሻን ከአንድ ዓመቱ ጋር በተቀራረበ ደሞዝ መኖሩ ለልጆቹ ኪሳራ ነው።

ይህ ሁሉ ለአገር ቤት ምን ይናገራል? ኢትዮጵያ ለትንፋሽ ቆጠራ እንግዳ አይደለችም፤ በስፋት ሠርታበታለች። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሴቶችን አሠልጥኖ አሰማራ። ከ2010 አካባቢ ጀምሮ በጤና ኬላ ሳምባ ምችን ራሳቸው እንዲያክሙ ተፈቀደ። መመዘኛቸው የሕፃኑን ልብስ ገልጦ አንድ ደቂቃ ሙሉ መቁጠር ነው፤ ከ2 እስከ 11 ወር ላለ ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ላለ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ትንፋሽ ይባላል። በአገሪቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች የሚሞቱት ልጆች በ2000 ከሺሕ 166 የነበሩት በ2016 ወደ 67 ወርደዋል። ክትባቱ፣ ምግቡ፣ መንገዱ ሁሉ ድርሻ አለው፤ የጤና ኬላዋ ልጅ ቆጠራም ከነዚህ አንዱ ነው። በዋሽንግተን ሞኒተር ሥር የማደርገውንና እሷ በቀበሌ የምታደርገውን ሳስተያይ አንድ ሥራ ሆኖ ይታየኛል።

ክፍተቱ ያለው ከጤና ኬላዋ ወዲህ ነው፤ በመንገዱና በሆስፒታሉ በር። በማላዊ ብላንታየር ከተማ በንግሥት ኤልሳቤጥ ሆስፒታል ኤልሳቤጥ ሞሊኒዩና ባልደረቦቿ የሕፃናት መቀበያውን እንደገና አደራጁ፤ የገባ ልጅ ሁሉ ወዲያው ይታያል፣ የባሰበት ቀድሞ ይታከማል፣ ተራ መጠበቅ ቀረ። የተኙ ልጆች ሞት ከመቶ ከ10 እስከ 18 ከነበረበት ወደ 6 እና 8 ወረደ። ውድ ማሽን የፈታው ችግር አልነበረም። በኛ በኩል ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በ2010 የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን ጀምሯል። የማደንዘዣ ነርስ የነበረው ክብረት አበበ ቤቱን ሸጦ በ2008 ጠብታ አምቡላንስን አቋቁሟል፤ በሐኪም ትምህርት ብቻ የማይሸፈን ባለሙያ እንደሚያስፈልግ ቀድሞ የገባው ሰው ነው። የወረዳ አምቡላንሶቹ በዋናነት ለወላድ እናቶች ታስበው የገቡ ናቸው፤ ያም ትልቅ ነገር ነው። የሚቀረው በነሱ ውስጥ የሚቀመጠው ሰው ሕፃን መያዝ እንዲችል ነው።

እዚህ ያለነው ብዙ ጊዜ አሮጌ ሞኒተርና አልጋ በኮንቴይነር እንልካለን። የሚጠግነው ሰው ወይም የሚለወጥ ገመድ ጠፍቶ ጥግ የሚቆመው ቀላል አይደለም። ከሚቀጥለው ጭነት በፊት ለዚያ ሆስፒታል ስልክ ደውለን ሁለት ነገር እንጠይቅ፦ የሕፃን አምቡ ባግ አለ ወይ? ጭንብሉስ በሦስቱም ልክ፣ ለጨቅላ፣ ለሕፃንና ለልጅ፣ አለ ወይ? ካለ ደግሞ ከመካከላቸው በአሻንጉሊት ላይ የተለማመደው ማን እንደሆነና የሌሊት ተረኛው እሱ መሆን አለመሆኑን እንጠይቅ።